መርከቡን ከመምረጣችሁ በፊት ጠረጴዛውን ምረጡ

ሰሞኑን ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ተሞልቷል። «ቲቸር፣ ለሚቀጥለው ጁላይ እናትና አባቴን ይዤ በአውሮፓ ክሩዝ ልወጣ አስቤያለሁ፤ የትኛው መርከብ ይሻላል?» የሚል። ከሥሩ የሦስት የአራት መርከብ ሊንክ ይከተላል። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ያስተማርኳቸው፣ ዛሬ ዳላስ፣ ቶሮንቶና ፍራንክፈርት የሚኖሩ ልጆች ናቸው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ እዚህ ልጻፈው፤ የማትስማሙ ደግሞ ተከራከሩኝ።

አቋሜ ይሄ ነው። ወላጅ ይዞ፣ ቤተሰብ ሰብስቦ ለሚሄድ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው መርከብ?» መሆን የለበትም። የመጀመሪያው ጥያቄ «ማታ ማታ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር ነው የምንበላው?» ነው። ሁለተኛው «የትኞቹ ወደቦች ላይ፣ ለስንት ሰዓት እንቆማለን?» ነው። መርከቡ ሦስተኛ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ፣ እናቱን የቡፌ ሰልፍ ላይ ትሪ አስይዞ፣ አባቱን ካቢን ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ አስፈጥጦ ይመለሳል።

ምግብን ያህል ነገር ለምን ከመርከብ አስቀደምክ የሚለኝ አይጠፋም። እስኪ አስቡት። የብዙዎቻችን ቤተሰብ ተበትኗል። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ሲያትል፣ አንዱ ስቶክሆልም። ወላጆች፣ ልጆችና የልጅ ልጆች በአንድ ማዕድ ዙሪያ ሰባት ማታ ተከታትለው የበሉት መቼ ነው? ሠርግ ላይ ግርግር ነው። ለቅሶ ላይ ማንም ማንንም አያጫውትም። ለፋሲካ የመጣው በሦስተኛው ቀን ሻንጣውን ይሸክፋል። የሰባት ሌሊት ክሩዝ ማለት፣ ባሕሩን ለጊዜው እንርሳውና፣ ማንም ወጥ የማይሠራበት፣ ማንም ዕቃ የማያጥብበት፣ ማንም «ነገ ሥራ አለኝ» ብሎ የማይነሳበት ሰባት እራት ነው። እናቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን ሲያቀርቡ እንጂ ሲቀርብላቸው አልኖሩም። ሰባት ማታ ተቀምጠው ሲቀርብላቸው ማየት ለኔ ከየትኛውም የውሃ መንሸራተቻ ይበልጣል። ገንዘቡም የሚከፈለው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የእራቱ ዓይነት

ክሩዝ ሄዳችሁ ለማታውቁ አሠራሩን ላስረዳ። በብዙዎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች መርከቦች ላይ አራት አማራጭ ታገኛላችሁ።

አንደኛው ቋሚ ሰዓትና ቋሚ ጠረጴዛ ነው። የጥንቱ፣ የመርከብ ወጉ ይሄ ነው። በዋናው የምግብ አዳራሽ እራት በሁለት ዙር ይቀርባል። የመጀመሪያው ዙር ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ሁለተኛው ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ። በእኛ አቆጣጠር ነው የምናገረው፤ ወረቀቱ ላይ 18:00 እና 20:00 ተብሎ ነው የምታገኙት። ጠረጴዛችሁ ቁጥር አለው። ከመጀመሪያው ማታ እስከ መጨረሻው እዚያው ትቀመጣላችሁ፤ የሚያስተናግዷችሁም ሰዎች እነዚያው ናቸው።

ሁለተኛው «በፈለጋችሁ ሰዓት ኑ» የሚባለው ነው። ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን በ2000 «ፍሪስታይል» ብሎ ያስፋፋው አሠራር ሲሆን ሌሎቹም በየስማቸው ተከትለውታል፤ ሮያል ካሪቢያን «ማይ ታይም» ይለዋል። ያው አዳራሽ፣ ያው ሜኑ ነው። ግን በር ላይ ትጠብቃላችሁ፣ ባዶ የሆነ ጠረጴዛ ይሰጣችኋል፣ አስተናጋጁም በየማታው ሊለያይ ይችላል።

ሦስተኛው ቡፌ ነው፤ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አራተኛው ተጨማሪ የሚያስከፍሉት ሬስቶራንቶች ናቸው፤ የስቴክ ቤት፣ የጣሊያን፣ የጃፓን። እነዚህን ገና ሳትሳፈሩ በኢሜይል ይጎተጉቷችኋል። ለአንድ የልደት ወይም የጋብቻ በዓል ማታ ጥሩ ናቸው፤ ከዚያ በላይ ግን አስቀድማችሁ የከፈላችሁበትን እራት ትታችሁ ሌላ እራት መግዛት ነው።

ለቤተሰብ የምመክረው አንደኛውን ነው፤ እሱም ሁለተኛውን ዙር። ምክንያቶቼ እነሆ።

አስተናጋጁ ያውቃችኋል። በመጀመሪያው ማታ አባባ ለብ ያለ ውሃ እንደሚፈልጉ፣ እማማ ወተት የሌለው ሻይ እንደሚጠጡ ትነግሩታላችሁ። በሦስተኛው ማታ ሳትነግሩት ያመጣዋል። እንግሊዝኛ የማይናገሩ ወላጆች አገር አቋርጠው፣ ባሕር ላይ ወጥተው፣ በስማቸው የሚጠራቸው አንድ ሰው ማግኘታቸው ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። «በፈለጋችሁ ሰዓት» በሚባለው ግን በየማታው ከዜሮ ትጀምራላችሁ፤ በየማታውም ልጅየው አስተርጓሚ ሆኖ ያመሻል።

ቀጠሮ ይሆናል። ከወደብ ሲመለሱ ሁሉም በየፊናው ይበተናል። ወጣቶቹ መዋኛ ጋ፣ ትልልቆቹ አልጋ ላይ፣ አንዱ ስልኩ ላይ። ሰዓቱ ካልተቆረጠ «እናንተ ብሉ፣ እኔ ኋላ እመጣለሁ» ይጀመራል። የ16 ዓመት ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ሰዓቱ ከተቆረጠ ግን ጭቅጭቅ የለም፤ 2 ሰዓት ነው፣ ጠረጴዛችን ይሄ ነው፣ አለቀ።

ሁለተኛውን ዙር ያልኩት ደግሞ ጉዞው አውሮፓ ስለሆነ ነው። ካሪቢያን ቢሆን የመጀመሪያው ዙር ለሽማግሌ ይመቻል እል ነበር። በሜዲትራኒያን ግን ጁላይ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ መርከቡም አብዛኛውን ጊዜ እስከ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ወደብ ላይ ይቆያል። 11 ሰዓት ተኩል ላይ እራት ያለበት ሰው 10 ሰዓት ላይ ሩጫ ይጀምራል። ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ፣ ከተማው ገና በርዶ መንሸራሸሪያ ሲሆን ጥሎት መመለስ ያሳዝናል። ወላጆች ቀደም ብለው መብላት ከለመዱ 10 ሰዓት ላይ ከቡፌው ሾርባና ዳቦ ቀመስ ያድርጉ፤ ችግር የለም።

«ቋሚ ሰዓት እስር ቤት ነው» ለምትሉ

ይህን ክርክር አውቀዋለሁ። «ለዕረፍት ሄጄ ደወል ተደውሎልኝ ልብላ እንዴ?» ትላላችሁ። ብቻችሁን ወይም ሁለት ሆናችሁ ከሆነ የምትሄዱት እውነት አላችሁ፤ ነፃውን ምረጡ፣ ያምርባችኋል። 1 ሰዓት ላይ የሚተኛ ሕፃን ያለውም ሁለተኛው ዙር ያሰቃየዋል፤ የመጀመሪያውን ይያዝ።

ለቀረው ቤተሰብ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ቋሚ ጠረጴዛ የያዘ ሰው ማታ ቢደክመው ቡፌ መሄድ ይችላል፤ የሚቀጣው የለም፣ ለአስተናጋጁ መንገር ብቻ ነው። ነፃውን የያዘ ሰው ግን በሦስተኛው ቀን «ለስምንት ሰው የሚሆን፣ በየማታው የኛ የሆነ ጠረጴዛ ስጡን» ቢል አዳራሹ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ከቋሚው መውጣት ይቀላል፣ ወደ ቋሚው መግባት ይከብዳል። ቦታ ስትይዙ የማትጸጸቱበትን በር ምረጡ።

ሌላው ስጋት ከማይታወቅ ሰው ጋር መቀመጥ ነው። ብዙዎቹ ጠረጴዛዎች ለብዙ ሰው የሚሆኑ ስለሆኑ ሁለት ሰዎች ብቻ ከሆናችሁ ከሌሎች ጋር ሊቀላቅሏችሁ ይችላሉ። ለአንዳንዱ ይሄ የጉዞው ጣዕም ነው። ቋንቋ ለማይችሉ ወላጆች ግን ያለ ልጅ እንዳታደርጉት። ሰባት ማታ ፈገግ ብሎ ብቻ መቀመጥ ድካም ነው። ካቢኖቹን ለየብቻ የገዛችሁ ቤተሰቦች ደግሞ የቲኬት ቁጥሮቻችሁ ለእራት እንዲተሳሰሩ ኩባንያውን ወይም የጉዞ ወኪሉን በጽሑፍ ጠይቁ። ይህን ያላደረገ ቤተሰብ ተከፋፍሎ አንዱ ከአዳራሹ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ተቀምጦ ሊያገኘው ይችላል። ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል የምንል ሰዎች ይህን በወረቀት ማስጨረስ አያቅተንም።

ጾሙን ሳይቆጥሩ ቲኬት መቁረጥ

አሁን ማንም የክሩዝ ድረ ገጽ ወደማይነግራችሁ ጉዳይ ልምጣ። የኦርቶዶክስ ወላጆች ይዛችሁ ከሆነ ካላንደሩን ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጡት። የአውሮፓ የበጋ ክሩዝ ወቅት የኛ ጾም የሚበዛበት ነው። ከጰራቅሊጦስ ማግስት እስከ ሐምሌ 5 የሐዋርያት ጾም አለ። ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 ጀምሮ፣ ፍልሰታ ነው፤ ሕፃን ሽማግሌ የሚጾመው። በመካከሉ ከሐምሌ 5 እስከ ሐምሌ 30፣ ማለትም ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 6፣ ከረቡዕና ዓርብ በቀር ክፍት ነው። ከሁሉም የሚሻለው ግን በዓለ ሃምሳ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ የሜዲትራኒያን ሙቀትም ገና አልበረታም፤ ሰዉም እንደ ኦገስት አልበዛም። ትምህርት ቤት ያላለቀላቸው ልጆች ከሌሏችሁ ለወላጅ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

«ፍልሰታ ላይ ካልሆነ ፈቃድ አላገኝም» የምትሉም አትደንግጡ፤ ይቻላል። ግን ቃሉን አስተካክሉ። «ቬጀቴሪያን» ካላችሁ እንቁላል፣ አይብና ቅቤ ይመጣላችኋል። የጾም ማለት ለነሱ «ቪጋን» ነው። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን የቤታችንን ክርክር ለመርከቡ ወጥ ቤት አታውርሱት። ቪጋን በሉ፤ ዓሣ የሚበላ ካለ ለብቻው ይዘዝ። ይህንንም ስትሳፈሩ ሳይሆን ከሳምንታት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ፤ ከዚያ በተሳፈራችሁበት ቀን የምግብ አዳራሹን ኃላፊ ፈልጋችሁ በአካል ድገሙለት።

የቋሚ ጠረጴዛ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው የሚታየው። ልዩ ምግብ ለሚፈልግ እንግዳ የአስተናጋጆቹ አለቃ ማታ ላይ የነገውን ሜኑ ያመጣል፤ ትመርጣላችሁ፤ ወጥ ቤቱ በማግስቱ ያለ ቅቤና ያለ ክሬም ለይቶ ያዘጋጃል። ጠረጴዛችሁ ካልተለወጠ ትዕዛዙ ሳይስት ይደርሳችኋል። በየማታው ቦታ የምትቀያይሩ ከሆነ ግን ትዕዛዛችሁን የያዘው ሰው ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ነው፤ እናንተም የቀራችሁ ሰላጣና የተቀቀለ ድንች ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ወላጆች ካሉም ቡፌው ብዙ ጊዜ በዚያ ሰዓት ክፍት ስለሆነ ያፈጥራሉ፤ ማታ 2 ሰዓት ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጣሉ። የሽርሽር ፓኬጅ ገዝታችሁ ምሳ የተካተተበት ከሆነ፣ የመርከቡ ትዕዛዝ እዚያ አይከተላችሁም፤ ለብቻው ተናገሩ።

መስመራችሁ ግሪክ ከሆነማ ደስ የሚል ነገር አለ። ግሪኮችም ለእመቤታችን ይጾማሉ፤ የነሱ ከኦገስት 1 እስከ 14 ነው፣ በዓሉ ኦገስት 15። የጾም ምግብ የሚሉበት የራሳቸው ቃል አላቸው፤ «ኒስቲሲሞ»። ወደብ ላይ ያለ ትንሽ ምግብ ቤት ገብታችሁ ይቺን አንዲት ቃል ብትሉ ባለቤቱ ይገባዋል። በዘይትና በቲማቲም የተሠራ ባቄላ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ያመጣላችኋል። ሳንቶሪኒ ላይ «ፋቫ» የሚባል አለ፤ ከጓያ የቅርብ ዘመድ ከሆነ ጥራጥሬ የሚሠራ ወፈር ያለ ቢጫ ክክ። እማማ ሲቀምሱት የሚሉትን እናንተው ትነግሩኛላችሁ።

ሙስሊም ወዳጆቼም ተመሳሳይ ነገር ልምከር። የአሳማ ሥጋን መለየት ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው በሾርባና በሶስ ውስጥ የሚገባው ወይንና የሥጋ መረቅ ነው። ኩባንያው ሐላል ሥጋ ያቀርብ እንደሆነ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ መልስ ተቀበሉ። የስልክ ተስፋ ባሕር ላይ አያበላም።

አሁን መርከቡ

ጂኦግራፊ ያስተማርኳችሁ ሰው ነኝና ካርታ ሳልዘረጋ አላልፍም። ዩቲዩብ ላይ የምታዩት ግዙፉ «አይከን ኦቭ ዘ ሲስ» በ2024 ሥራ ሲጀምር የዓለም ትልቁ ነበር። 20 ፎቅ፣ 7 መዋኛ፣ 6 የውሃ መንሸራተቻ፣ በአንድ ካቢን ሁለት ሰው ቢታሰብ እንኳ 5,600 ያህል ተሳፋሪ። የሚነሳው ከማያሚ ነው፤ የሚሄደው ካሪቢያን። እዚያ መርከቡ ራሱ መድረሻ ነው። አውሮፓ ላይ ግን መርከቡ የሚያድር የሚያጓጉዝ ሆቴል ነው፤ የሄዳችሁለት ነገር ያለው ወደቡ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ውጪ ለምትውሉበት ጉዞ የውሃ መንሸራተቻ ምን ይሠራላችኋል?

ትልቅነት አውሮፓ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ሳንቶሪኒን እንውሰድ። መርከብ እዚያ ወደብ አይጠጋም፤ ባሕሩ ላይ ቆሞ ሰዉን በትንንሽ ጀልባ ያወርዳል። ከገደሉ ሥር ወደ ፊራ ከተማ ለመውጣት ያላችሁ ምርጫ በሰዓት 1,200 ሰው ገደማ የሚያመላልስ የኬብል መኪና፣ ወይም ከ580 በላይ ደረጃ፣ ወይም በቅሎና አህያ ነው። የ5,000 ሰው መርከብ ለብቻው ሲያራግፍ ስንት ሰዓት ሰልፍ እንደሚሆን ራሳችሁ አካፍሉ፤ በዚያ ላይ በዚያው ቀን ሌሎች መርከቦችም አሉ። ጉልበታቸው የሚያማቸው እናት በሐምሌ ፀሐይ እዚያ ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት ቢቆሙ የሳንቶሪኒ ውበት አይታያቸውም።

ከተሞቹም ተማርረዋል። ቬኒስ ከኦገስት 2021 ጀምሮ ትልልቅ መርከቦች በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ፊት እንዳያልፉ ከልክላለች። ባርሴሎና የመርከብ ተርሚናሎቿን እስከ 2030 ከ7 ወደ 5 ልትቀንስ ወስናለች። ግሪክ ከ2025 በጋ ጀምሮ ሳንቶሪኒና ሚኮኖስ ላይ ከሚወርድ የክሩዝ ተሳፋሪ በከፍተኛው ወቅት 20 ዩሮ ትቀበላለች። ስለዚህ የድሮ ቪዲዮ አይታችሁ አትወስኑ።

ብሮሹሩ ላይ የተጻፈውን የከተማ ስምም አትመኑ። «ሮም» ሲል ሲቪታቬኪያ ማለቱ ነው፤ ከሮም 70 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። «ፓሪስ» ሲል ለ አቭር ነው፤ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። «በርሊን» ሲል ቫርነሙንደ ነው፤ በአውቶቡስ ለመሄድ ብቻ ሦስት ሰዓት ያህል። ለሽማግሌ ይሄ ጉብኝት ሳይሆን የመኪና ላይ ውሎ ነው። ጲሬዎስ ግን ከአቴንስ መሐል 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሜትሮም አለ።

ለዚህ ነው ለወላጆች ሁልጊዜ የኤጂያንን መስመር የማስቀድመው። ከጲሬዎስ ተነስቶ በደሴቶቹ በኩል ቱርክ ደርሶ የሚመለሰውን። ርቀቶቹ አጭር ናቸው፤ ስሞቹ ደግሞ ለወላጆቻችን እንግዳ አይደሉም። ባርሴሎና ለእማማ ምንም አይደለችም። ኤፌሶን ግን፣ ቀርጤስ ግን፣ ፍጥሞ ግን! ዕድሜ ልካቸውን ሲነበብ የሰሙት ነው። ከኩሻዳሲ ወደብ ኤፌሶን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አጠገቡም የእመቤታችን ቤት ነው ተብሎ የሚጎበኘው ቦታ አለ። ፍጥሞ ላይ ዮሐንስ ራእዩን ያየበት ነው የሚባለው ዋሻ፣ ከኮረብታው አናት ደግሞ በ1088 የተመሠረተው ገዳም አለ። ግዙፎቹ መርከቦች ፍጥሞን ብዙ ጊዜ አይጎበኙም፤ ወደቧ ለነሱ ትንሽ ናት። የመርከብ መጠን ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ ትንሽ መርከብ ስትመርጡ ፍጥሞን እየመረጣችሁ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ መጠኑ ስንት ይሁን? ለኔ ከ2,500 ተሳፋሪ በታች። የሆላንድ አሜሪካና የሴለብሪቲ ቆየት ያሉት መርከቦች 2,000 አካባቢ ይጭናሉ፤ ሁለቱም ኩባንያዎች ቋሚ ጠረጴዛ አላቸው። አዲስ አይደሉም፣ መንሸራተቻ የላቸውም፣ ለኛ ጉዳይ ግን ልክ ናቸው። ከዚያ የሚያንሱት፣ 700 ያህል የሚጭኑት የአዛማራና አንዳንዶቹ የኦሺያንያ መርከቦች፣ ወደቦቹን ይበልጥ ይደርሱባቸዋል፤ ዋጋቸው ግን ይንራል። ቋሚ ጠረጴዛም የላቸውም። እዚህ ላይ ሁለቱ መመዘኛዎቼ ይጋጫሉ። ብሩ ካላችሁ እዚያ ሂዱ፤ አዳራሹ ትንሽ ስለሆነ አንዱን አስተናጋጅ ወዳችሁት ከሆነ በየማታው እሱ ጋ ለመቀመጥ መጠየቅ ይቻላል። ቫይኪንግ ከ18 ዓመት በታች ስለማይጭን የልጅ ልጅ ያላችሁ እሱን እርሱት።

ሁለት ነገር ሳልነግራችሁ እንዳላልፍ

አንደኛው ቪዛ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ ሸንገን ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው፣ መርከቡ ከግሪክ ወደ ቱርክ ወይም ከክሮኤሺያ ወደ ሞንቴኔግሮ ሲሻገር ከሸንገን ትወጣላችሁ፤ ስትመለሱ እንደገና ትገባላችሁ። የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ አይበቃም፤ ባለ ብዙ መግቢያ መሆን አለበት። ለአባባ ከአዲስ አበባ ስታመለክቱ የመርከቡን መስመር አያይዙ። የቱርኩንም መርከቡ ስላለ ያልፋል ብላችሁ አትተማመኑ፤ ኩባንያውንም ቆንስላውንም ጠይቁ። የማይመለስ ክፍያ ከቪዛው በፊት አትክፈሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።

ሁለተኛው ጉርሻ ነው። ብዙዎቹ ኩባንያዎች በሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ሒሳባችሁ ላይ ይጨምራሉ። በ18 ብናሰላው ለስድስት ሰው ሰባት ሌሊት 756 ዶላር ነው። ከበጀቱ ውስጥ አስገቡት። መርከቡ ላይ ከደረሱ በኋላ እንግዳ መቀበያው ጋ ሄደው የሚያሰርዙ እንዳሉ አውቃለሁ፤ እባካችሁ አታድርጉት። ያ በሦስተኛው ማታ የእማማን ሻይ ሳይነገረው ያመጣው ልጅ፣ ከፊሊፒንስ ወይም ከኢንዶኔዥያ ቤቱን ትቶ ወራት ባሕር ላይ የሚኖር ነው። ስደት ምን እንደሆነ ለኛ አይነገረንም።

እንጀራ ቋጥረን እንሂድ ለምትሉም፣ አብዛኞቹ መርከቦች ቤት የተሠራ ምግብ አያስገቡም፤ ቋንጣና ቅቤ ደግሞ ገና አውሮፓ ኅብረት በር ላይ ይያዛል። በፋብሪካ የታሸገች ትንሽ በርበሬ ትበቃለች። ካቢን ውስጥ ምድጃ ለኩሶ ቡና ማፍላት፣ ዕጣን ማጨስ ክልክል ነው፤ የጭስ ጠቋሚው ካፒቴኑን ጭምር ነው የሚቀሰቅሰው።

ባጭሩ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ካላንደር ላይ ጾሙን እዩ። ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ ሊበላ የሚችልበትን ሰዓት ተስማሙ። ከዚያ የወላጆችን ጉልበት ያገናዘበ መስመር ምረጡ። ከዚያ በዚያ መስመር ከሚሄዱት ውስጥ ከ2,500 ሰው በታች የሚጭኑትንና ቋሚ ጠረጴዛ ያላቸውን ለዩ። ዋጋ የምታወዳድሩት በነዚያ መካከል ብቻ ነው። ቦታ ስትይዙ በዚያው ቀን ሁለተኛውን ዙር፣ የቤተሰብ ጠረጴዛና የጾም ምግቡን አስመዝግቡ፤ ማረጋገጫውንም አትማችሁ ያዙ።

ሄዳችሁ የመጣችሁ ደግሞ ከታች ጻፉልን። በየትኛው መስመር፣ በየትኛው ወር፣ የጾሙን ነገር እንዴት እንዳስተናገዷችሁ። ነፃውን ሰዓት መርጣችሁ ከወላጆቻችሁ ጋር የተሳካላችሁ ካላችሁም እናንተን ነው ይበልጥ መስማት የምፈልገው። ሊንክ ለላካችሁልኝ ልጆች፣ መልሴ ይሄው ነው፤ አሁን እናቶቻችሁ ጋ ደውሉና «ማታ በስንት ሰዓት መብላት ትወጃለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። መርከቡን ከዚያ በኋላ እንነጋገርበታለን።